ገመድ የሚበላው ሳጥን

ነገሩ የተጀመረው በኬሪያ ሳቅ ነው። የጠዋቱ ዝናብ ሳይታሰብ ወረደና ያሰጣችውን ልብስ ከነገመዱ ሰብስባ ግቢው ውስጥ ወደቆመው የድንች ኮንቴይነር ሮጠች። ኬሪያ ከቡታጅራ መጥታ ጅጅጋ ገበያ ጨርቅ የምትቸረችር፣ ከወልደሥላሴ ግቢ አንዲት ክፍል በወር ሃያ ብር የተከራየች ሴት ናት። ገመዷ በልክ የተሠራ ነበር። በሁለቱም ጫፍ መንጠቆ ታስሮበታል፤ መንጠቆዎቹ በኮንቴይነሩ ማዕዘን ካሉት የብረት ቀዳዳዎች ሲገቡ ገመዱ በሳጥኑ ጎን ከዳር እስከ ዳር እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል። አሁን ውስጥ ገብታ አንዱን መንጠቆ በሩ አጠገብ፣ ሌላውን ከመጨረሻው ግድግዳ ቀለበት ላይ ብትሰቅለው ገመዱ ረገበ። የታጠበ ቀሚሷ ወለሉን ጠረገ።

«ኧረ በአላህ! ይሄ ሳጥን ገመድ ይበላል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ወልደሥላሴ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሻይ ይጠጣ ነበር። ሳቁ ምንም አልነበረም፤ የገረመው ከሳቁ በኋላ የሆነው ነው። ሚስቱ ካሳነሽ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ በዝናቡ መሃል አቋርጣ ሄደች። ገመዱን ከነመንጠቆው ነቀለች፤ ልብሱን በሙሉ አቅፋ ኬሪያ እቅፍ ውስጥ ጣለችው። «ገመድ ሲረጥብ ይረዝማል፤ ይሄ ጠፍቶሽ ነው? ነይ ውጪ፤ ድንቹን ታረጥቢብኛለሽ» አለችና የሳጥኑን በር ዘጋችው። ኬሪያ በረንዳው ላይ ቆማ ግራ ገባት። ካሳነሽ በሰው ላይ የምትጮህ ሴት አልነበረችም።

ወልደሥላሴ ብርጭቆውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠ። ገመድ ሲረጥብ ያጥራል እንጂ አይረዝምም። ዕድሜውን ሁሉ ጭነት ሲያሳስር የኖረ ሰው ይህን አያጣውም፤ ዝናብ የመታው ጭነት ቋጠሮው አልፈታ ብሎ በቢላ ሲቆረጥ ስንት ጊዜ አይቷል። ካሳነሽም ታውቃለች። አባቷ ሐረር ላይ ጨው በግመል የሚያስጭን ነጋዴ ነበር፤ ያደገችው በገመድ መሃል ነው። ደግሞም ካሳነሽ አትዋሽም። ዝም ትላለች እንጂ አትዋሽም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ስትለው ኖራለች፤ ዝምታዋን ለምዶታል። ይህችን የገመድ ነገር ግን ከየት እንዳመጣቻት አልገባውም።

ኮንቴይነሩን ያመጣው ታናሽ ወንድሙ የሺጥላ ነው። የሺጥላ ከድሬዳዋ ጅጅጋ፣ ከጅጅጋ ድንበሩ ላይ ካለችው ቶጎጫሌ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ይህን ነጭ ባለሃያ ጫማ ሳጥን ጭኖ መጣ። የበረዶ ሳጥን ነው፣ በመርከብ ሥጋና ፍራፍሬ የሚመላለስበት፤ ሞተሩ ተነቅሎ ተሽጧል፤ ድሬዳዋ ላይ በርካሽ አገኘሁት፤ የዓለማያ ድንችና ቲማቲም ሳይበላሽ ያቆይልናል፤ አለ። ወልደሥላሴ አልተቃወመም። የሳጥኑ ግንባር፣ ሞተሩ የነበረበት ጫፍ፣ ከድንጋዩ አጥር ጋር ተጠግቶ ቆመ፤ በዚያ በኩል ሰው የሚያልፍበት የለም፤ ቁልቋል በቅሎበታል። በሩ ወደ ግቢው ዞረ። ከዚያ ወዲህ ካሳነሽ ቀኑን ግማሽ እዚያ ውስጥ ሆና ድንች ትለቅማለች። አንዳንዴ ስትናገር ወልደሥላሴ ይሰማታል። ከድንቹ ጋር ነው የምታወራው ይል ነበር ለራሱ፤ ከእሱ ጋር ካላወራች ከማን ጋር ታውራ።

የሺጥላ ፊቱን ታጥቦ ለቁርስ ተቀመጠ። ትናንት ማታ ነው የገባው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ከተማ የተባለው ትልቁ ልጅ በወታደር ልብስ የተነሣው ፎቶግራፍ። የትንሹ የዘነበ አልጋ ጥጉ ላይ አለ፤ አንሶላው ተነሥቶ ፍራሹ ባዶውን ነው። ዘነበ በባቡሩ መስመር ካለችው አፍደም፣ አክስቱ እናትአለም ዘንድ ሆኖ እንዲማር ከተላከ ቆይቷል። ቀይ ብርድ ልብሱንም ይዞት ሄዷል ተብሏል።

«ድንች እንዴት ዋለ?» አለ ወልደሥላሴ።

«ኪሎው ሰባ አምስት ሳንቲም። ሐርቲሼክ ስደተኛው ስለበዛ ይጨምራል ይላሉ።»

«እናትአለም ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት ጋሼ። ሰላም ብላሃለች።»

«ልጁስ?»

«እሱም ደኅና ነው።»

ወልደሥላሴ ዳቦውን ቆረሰ። «የሳጥኑ ውስጥ ከውጩ ለምን አጠረ?» አለ፤ ስለ ድንች እንደሚጠይቅ ሁሉ።

የሺጥላ ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «የበረዶ ሳጥን አይደል ጋሼ፤ ግድግዳው ወፍራም ነው» አለ። ካሳነሽ ድስት ታጥብ ነበር። ሁለቱ አልተያዩም። ወልደሥላሴ ልብ ያለው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ ሰው ሳያስበው ቀና ብሎ ይተያያል፤ ቀድሞ የተስማማ ነው የማይተያየው። የሺጥላ እጅ ላይ አዲስ ሰዓት አለ። ከቶጎጫሌ ነው ብሏል። ከቶጎጫሌ ሰዓት ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ሲጋራ ይመጣል፣ ራዲዮ ይመጣል፣ የጨርቅ ቦንዳ ይመጣል፤ ከዚያ የባሰም ይመጣል፣ ሰው የሚያስረሽን።

ሲወጣ በሳጥኑ በኩል አለፈ። በሩን ከፈት አድርጎ የግድግዳውን ውፍረት በስንዝሩ ለካ። እውነት ነው፤ ወፍራም ነው፤ ስንዝር አይሞላም እንጂ። የበሩን ስንዝር፣ የወዲያውንም ግድግዳ ስንዝር ቢያስብለት እንኳ ያ ሁሉ የረገበ ገመድ አይሞላም። ከአንድ ክንድ በላይ ጎድሏል። ድንቹ በከረጢት በከረጢት ሆኖ እስከ ደረት ተደርድሯል፤ ከመጨረሻው ግድግዳ ላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ ለነፋስ የተሠራ ወንፊት ይታያል። ከኋላው ካሳነሽ ባልዲ ይዛ ቆማለች። በሩን ገርበብ አድርጎ ወደ ሥራው ሄደ።

የሚሠራው ለስደተኛ የሚመጣ እህልና መድኃኒት የሚራገፍበት መጋዘን ነው። ኮንቴይነር የሚረከብ እሱ ነው። ዕቃው ከወደብ በባቡርም በመኪናም እየሆነ ይደርሳል፤ ሳጥኑም ዓይነቱ ብዙ ነው። ባለሃያው አለ፤ ባለአርባው አለ፤ መኪናውን ከነተሳቢው የሚያጎብጥ። ጣሪያ የሌለው በሸራ የሚሸፈን፣ ጎን የሌለው ጠፍጣፋ፣ ዘይት የሚያመላልስ በርሜል የታቀፈ አለ። ወልደሥላሴ የእርሳስ ማኅተሙን ሳይፈታ ሳጥኑን በጣቱ አንጓ ይመታዋል፤ ሙሉና ባዶ ድምፁ ይለያል። ለዚህ ትምህርት አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል።

በር ላይ ዘበኛው ዋርሳሜ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ተቀበለው። የዋርሳሜ የዘብ ቤት ከአውሮፕላን የወረደ የአልሙኒየም ሳጥን ነው፤ መድኃኒት መጥቶበት ተጣሞ እዚሁ የቀረ። አንድ ጎኑ ከታች ሰያፍ ነው፤ ማዕዘን የለውም። መጀመሪያ ሲመጣ ወልደሥላሴ ማዕዘኑ ተቆርጦ ተሽጧል ብሎ አመለከተ፤ አልሙኒየም ድስት ይሠራበታል፣ ገበያ አለው። ዋርሳሜ በዚያ ሌሊት ተረኛ ነበርና ታሰረ። ከዚያ ሌላ እንዲሁ ያለ ሳጥን መጣ፤ እሱም ማዕዘን የለውም። የአውሮፕላን ሆድ ክብ ስለሆነ ሳጥኑም እንደ ሆዱ ሰያፍ ተደርጎ ይሠራል አሉ። ዋርሳሜ ተፈታ፤ ሳጥኗንም ቤቴ ናት ብሎ ወሰዳት።

«አቦ ወልዴ! ዛሬስ የጎደለ ማዕዘን አለ?» አለ ዋርሳሜ፤ ሁልጊዜ እንደሚለው።

«የለም።»

«ወላሂ ፊትህ ግን የጎደለበት ሰው ፊት ነው።»

ወልደሥላሴ አልፎ ገባ። የጎደለ ሁሉ የተሰረቀ አይደለም፤ ይህን በዋርሳሜ ተምሯል። ስለዚህ እስከ ረፋዱ ድረስ ወንድሙን ላለመጠርጠር ሞከረ። ዱቄት ሲራገፍ ቆመ፤ የተቀደደውን ከረጢት ለብቻ አስቀመጠ፤ ሁለት ጊዜ ሻይ ጠጣ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ሲወጣ ጫኞቹ ጥላ ፍለጋ ተበተኑ። ከግቢው ዳር አንድ አሮጌ የበረዶ ሳጥን አለ፤ የእሱም ሞተር የለም። ወልደሥላሴ በዚያ በኩል ሲያልፍ ከሳጥኑ ግንባር ላይ ማንኮራፋት ሰማ። ዞሮ አየ። ሞተሩ የነበረበት ቦታ እንደ ቁም ሣጥን ወደ ውስጥ የገባ ጉድጓድ ነው፤ ጫኙ ሮብሌ ሽርጡን ፊቱ ላይ ጥሎ በወርዱ ተጋድሞበታል፤ ራሱ ከወዲህ፣ እግሩ ከወዲያ፣ እንደ ልኩ የተሠራለት አልጋ።

«ሮብሌ፤ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

ሮብሌ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ቤቴ ነው ጋሽ ወልዴ። ቀዝቃዛ ነው፤ ኪራይ የለውም። በር ቢኖረው ሚስት አገባ ነበር» አለና ተመልሶ ተኛ።

ወልደሥላሴ ጉድጓዱን ቆሞ አየው። ጥልቀቱ ከአንድ ክንድ በላይ ነው። የእሱ ግቢ ሳጥን ግንባሩ ላይ ጉድጓድ የለውም፤ በላሜራ ተዘግቶ፣ ተበይዶ፣ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ጉድጓዱ ግን አልጠፋም፤ ከላሜራው ጀርባ አለ። የሺጥላ ያን ያህል ደክሞ ያሳሸገው ባዶ ነገር ሊሆን አይችልም። ስንት ካርቶን ሲጋራ ይይዛል? ስንት ራዲዮ? ክላሽስ ስንት ይይዛል? ቤቱ የቀበሌ አይደለም፤ በጡረታውና በጉልበቱ የሠራው ነው። ኮንትሮባንድ ከተገኘበት ቤቱ ይወረሳል፤ እሱም የሺጥላም አይፈቱም።

ይህን እያሰበ ሳለ ጓድ ፋይሶ መጣ። ፋይሶ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ ቀጭን፣ ፈገግ ሲል ድዱ የሚታይ፣ ሰው ሲያናግር እጅ የማይለቅ ሰው። ወልደሥላሴ የቀበሌው የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ነውና እጁን ጨብጦ እንደያዘ ወደ ጥላው ወሰደው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንወጣለን። ኮታው አልሞላም። ብሔራዊ ውትድርና ሲባል ልጁን የማይደብቅ የለም፤ ኮንትሮባንዱንም አብረን እናያለን። ከአንተ ቤት እንጀምር፤ ሰው እንዳያማ። ያንተ ቤት ሲፈተሽ ያየ አፉን ይይዛል።»

«ጥሩ» አለ ወልደሥላሴ።

«እንዲያው ለወጉ ነው። አንተማ የታወቅህ ነህ።»

የታወቀው በልጁ በከተማ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ቀበሌው ልጅ ሲሰበስብ፣ የሰው ልጅ አምጡ የሚል ሰው አስቀድሞ የራሱን ያምጣ ብሎ ትልቁን ልጁን እጁን ይዞ ወስዶ አስረከበ። ሰው አደነቀው። ከተማ ወደ ሰሜን ሄደ፤ ጥቂት ወራት ወሬው ተሰማ፤ ከዚያ ጠፋ። ካሳነሽ ባሏን የምትጠራው «የከተማ አባት» ብላ ነበር። ወሬው ከጠፋ ወዲህ በምንም አትጠራውም። ስትፈልገው ፊቱ መጥታ ትቆማለች።

ሰዓቱ ሳይደርስ ታመምኩ ብሎ ወጣ። ከመጋዘኑ መዶሻ ይዟል። መንገዱ በዝናቡ ጨቅይቷል፤ ጫት የጫነ መኪና ጭቃ ረጨበት፤ አልተሳደበም። ግቢው ሲደርስ የሺጥላ የመኪናውን ጎማ ያጥባል። «ና» አለው፤ ወደ ሳጥኑም ይዞት ገባ። ካሳነሽ ከድንቹ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና አለች።

«አውጣው» አለ ወልደሥላሴ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ያለውን። ሲጋራም ይሁን ሌላ፣ ምን እንደሆነ አልጠይቅህም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከኔ ቤት ይጀምራሉ። አውጣና ከዚህ ግቢ ይዘህልኝ ጥፋ።»

የሺጥላ እርጥብ እጁን በሱሪው አደረቀ። «የሚወጣ ዕቃ የለም ጋሼ» አለ።

«በዚህ ዕድሜዬ ልታሳስረኝ ነው? ያሳደግኩህ ለዚህ ነው?»

«ዕቃ የለም እያልኩህ ነው።»

ወልደሥላሴ በድንቹ ከረጢቶች መሃል ጥሶ ሄደ። ከመጨረሻው ግድግዳ ደረሰና መዶሻውን አነሣ። የሺጥላ አልተንቀሳቀሰም። ካሳነሽ ግን ተነሥታ ከኋላው ደረሰች፤ የያዘውን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠችው። እጇ ድንች ድንች ይሸታል። እንዲህ ከነካችው ስንት ጊዜዋ ነው።

«ወልዴ፣ ተው። ይደነግጣል» አለች።

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። ሲጋራ አይደነግጥም። ራዲዮም አይደነግጥም። ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ጣሪያው ሥር ያለውን ወንፊት አየ፤ ተነቅሎ የሚገጠም፣ ሳህን የሚያሳልፍ ነው። ሽቦው ላይ የተንጠለጠለውን ክር አየ፤ ከዘነበ ብርድ ልብስ የተመዘዘ ቀይ ክር ነበር። እጁ ቀስ ብሎ ወረደ።

«አፍደም ነው አላላችሁኝም?» አለ፤ ድምፁ የራሱ አልመሰለውም።

«አፍደም ነው ባንልህ ዘነበ እስከ ዛሬ ይኖር ነበር?» አለችው።

«ለእኔ ብትነግሩኝ…»

«ከተማን እጁን ይዘህ ወሰድከው» አለች ካሳነሽ። አልጮኸችም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተናገረችውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። የሺጥላ መሬት መሬት ያያል። ከግድግዳው ወዲያ ምንም አልተሰማም፤ ትንፋሽ እንኳ። ወልደሥላሴ በሥራው ብዙ ሳጥን ሰምቷል። ባዶ ሳጥን እንዲህ ዝም አይልም።

የውጩ በር ተደበደበ።

ጓድ ፋይሶ ከሦስት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ገባ። ቤቱን አዩ፤ አልጋው ሥር አዩ፤ የኬሪያን ክፍል አስከፈቱ። ኬሪያ ዝናቡ ገበያዋን ስላበላሸባት ቀድማ ተመልሳ ነበር፤ ጠዋት ያነሣችውን ገመድ በሳጥኑ ጎን እንደ ወትሮው ወጥራ ልብሷን አሰጥታለች። ጠባቂዎቹ ወደ ሳጥኑ ሲሄዱ፣ ፈርታም ለመወደድም ይሆናል፣ ከበረንዳዋ ሆና ቀልድ ጀመረች።

«እዚያ ድንች ነው ያለው። ሳጥኑ ገመድ ይበላል እንጂ ሰው አይበላም!»

ፋይሶ ቆመ። «ገመድ ይበላል ማለት ምንድን ነው?»

«ይኸው ይሄ ገመድ፤ ከውጭ ልክ ነው፣ ውስጥ ሲገባ ይተርፋል። ጠዋት ጉድ አልን እኮ!»

ፋይሶ ፈገግ አለ፤ ድዱ ታየ። «አምጡት» አለ። ጠባቂው የኬሪያን ልብስ ከገመዱ አራገፈ፤ ገመዱን ውስጥ ይዞት ገባ፤ አንዱን መንጠቆ በሩ አጠገብ፣ ሌላውን ከመጨረሻው ግድግዳ ቀለበት ላይ ሰቀለው። ገመዱ ረግቦ ከረጢቶቹ ላይ ተኛ። ሁሉም ገመዱን አዩ። ካሳነሽ በሩ ላይ ቆማ የሳጥኑን ብረት ይዛለች፤ ጥፍሯ ነጥቷል። የሺጥላ ሲጋራ አወጣ፤ መልሶም ከተተው።

«ጋሽ ወልዴ፤ የኮንቴይነር ሰው አንተ ነህ» አለ ፋይሶ። «ይሄ ምንድን ነው?»

ወልደሥላሴ መዶሻውን እንደያዘ ነበር። በሕይወቱ ለመንግሥት ሰው ዋሽቶ አያውቅም። አሁንም አልዋሸም።

«የበረዶ ሳጥን ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው።» ወደ በሩ ሄዶ በስንዝሩ ለክቶ አሳየው።

«ይሁን። ይሄ ግን ከስንዝር ይበልጣል።»

«ሞተሩ የነበረው በዚያ ጫፍ ነው። ውስጡን የሚያሳጥረው እሱ ነው። እኛ መጋዘን ያለውን ሄደህ እይ፤ እሱም እንዲሁ ነው።»

«ሞተሩስ የት አለ?»

«ተነቅሏል።»

«ቦታውስ?»

«በላሜራ ተዘግቷል።»

ከአፉ የወጣው ሁሉ እውነት ነበር። ፋይሶ ግን ግድግዳውን ያያል። ወንፊቱን ያያል። ወልደሥላሴ ያን ጊዜ ያደረገውን በኋላ ራሱም አላመነውም፤ የመዶሻውን እጀታ ወደ ፋይሶ አዞረና ዘረጋለት።

«ምታው» አለ። «ከተጠራጠርክ አፍርሰው። የወንድሜ ነው፤ ይሠራዋል።»

ፋይሶ መዶሻውን ተቀበለ። መዘነው። ካሳነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ከአጥሩ ወዲያ የአንድ ሰው ፍየል ጮኸች፤ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ፋይሶ የወልደሥላሴን ፊት አተኩሮ አየ፤ ከዚያ ሳቅ ብሎ መዶሻውን መለሰለት።

«ልጁን እጁን ይዞ ያስረከበ ሰው ቤት ግድግዳ አላፈርስም። ሰው ምን ይለኛል?» አለ፤ ወደ ጠባቂዎቹም ዞሮ፣ «እንሂድ። ጋሽ ወልዴም ከኛ ጋር ነው።»

ሄደ። ካልሄደ ያስጠረጥራል። ቀጣዩ ቤት የታንጉት ነው፤ ጠላ ሸጣ አንድ ልጅ ያሳደገች መበለት። በሩን ራሷ ከፈተች። ፋይሶን አላየችውም፤ ወልደሥላሴን ነው ያየችው።

«ያንተን ፈተሹት ጋሽ ወልዴ?»

«ፈተሹት።»

«እንግዲያ ግቡ።»

ልጇ ጓሮ እንጨት ይፈልጥ ነበር። አልተደበቀም። እናቱ አልደበቀችውም፤ የወልደሥላሴ ልጅ በሄደበት የኔም ቢሄድ ምን ይደረጋል ስትል ሠፈሩ ሰምቷታል። በየቤቱ ደጃፍ ወልደሥላሴ የሚላት አንዲት ቃል ነበረችው፦ ሕግ ነው እናቴ፣ የኔም ሄዷል። ዛሬ አፉን ከፈተ፤ ቃሏ አልወጣችም። አንዱ ጠባቂ በእሱ ፈንታ ተናገራት። «ሕግ ነው እማማ፤ የጋሽ ወልዴም ሄዷል» አላት። ልጁ መጥረቢያውን ግንድ ላይ ሰካ፤ እጁን ታጠበ፤ ሸሚዝ ለበሰ። ታንጉት አላለቀሰችም። የወልደሥላሴን ክንድ ያዘች።

«እስከ ምልመላ ጣቢያው አብረኸው ሂድልኝ» አለችው። «ከአንተ ጋር ከሆነ አልሰጋም።»

አብሮት ሄደ። ልጁ መንገዱን ሙሉ ስለ ከተማ ጠየቀው፤ የት እንደሠለጠነ፣ ምግቡ እንዴት እንደነበር። ወልደሥላሴ የሚያውቀውን መለሰለት፤ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ጣቢያው በር ላይ ልጁ እጅ ነሣውና ገባ።

ሲመለስ ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ነበር። በግቢው ማንም አላናገረውም። የሺጥላ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፤ ኬሪያ ጭቃ የነካውን ልብሷን መልሳ ታጥባለች። ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ገመዱ እንደተሰቀለ፣ እንደረገበ አለ። ከመጨረሻው ግድግዳ ደረሰና በጣቱ አንጓ ሊመታ እጁን አነሣ፤ ይደነግጣል ያለችው ትዝ አለውና ተወው። መዳፉን ብቻ ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነው። አንድ ነገር ሊል አሰበ፤ ምን እንደሚል አላገኘም። ከወዲያ ያለውም አባቱ መሆኑን በእርምጃው ሳያውቅ አልቀረም፤ ትንፋሹን ይዟል። በገዛ ልጁ እንደዚህ የተፈራ ሰው ምን ይባላል?

ከኪሱ ሰንጢ አወጣ። የአንዱን መንጠቆ ቋጠሮ ፈታ፤ ገመዱን ከውስጡ ልክ ጋር አስተያይቶ ትርፉን ቆረጠ፤ መንጠቆውን መልሶ አሰረ። ገመዱ ከበሩ እስከ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ተወጠረ። ከእንግዲህ ማንም ገብቶ ቢያይ ሳጥኑና ገመዱ ልክ ለልክ ናቸው። የተቆረጠውን ቁራጭ ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ከተተው።

ኬሪያ መጥታ ገመዷን ነቅላ ወጣች። ከውጭ ስትታገል ተሰማች፤ አንዱን መንጠቆ ከማዕዘኑ ቀዳዳ ታስገባለች፣ ሌላውን ትጎትታለች፤ አይደርስም።

«ኧረ ገመዴን ማን ቆረጠው?» ብላ ጮኸች።

ካሳነሽ ያን ጊዜ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዛ ከቤት ወጥታ ነበር። በግቢው መሃል ቀጥ ብላ ቆመች። ወልደሥላሴ ከሳጥኑ በር ላይ ሆኖ ኬሪያን አያት።

«ማንም አልቆረጠውም» አለ። «ገመድ ሲረጥብ ያጥራል።»

ኬሪያ ጠዋት የተነገራትን አስታውሳ ግራ ገብቷት አንዴ እሱን፣ አንዴ ካሳነሽን አየች፤ ከዚያ እጇን አወራጭታ ወደ ክፍሏ ሄደች። ካሳነሽ መራመድ ጀመረች። አጠገቡ ስትደርስ ቆመች፤ ፊቱን አየችው፤ የኮቱን ኪስ አየችው፤ የገመዱ ጫፍ ብቅ ብሏል። በእጇ ጣት ወደ ውስጥ ገፋችለት። ሳህኑን ግን አልሰጠችውም። ራሷ ይዛው አልፋ ገባች። ሁልጊዜ ስትገባ የምትዘጋውን በር ዛሬ ከኋላዋ አልዘጋችውም።